በዛብህ ፈሪ፣ ጸጋዬ ደፋር ተብሎ ለተጻፈው

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በኪነ ጥበብ ዓምድ ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ በዛብህንና የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ባለታሪክ ጸጋዬ ኃይለማርያምን ጎን ለጎን አቁሞ ያወዳደረውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ማወዳደሩ ራሱ ያስመሰግናል። አማርኛ ሳስተምር በኖርሁባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ተማሪዎቼ በዛብህን ከወደዳት ከሰብለ ወንጌል ጋር፣ ወይም የአገሩን ልማድ የሚተቸውን ጉዱ ካሳን ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር እንዲያነጻጽሩ እጠይቅ ነበር እንጂ፣ ከሌላ መጽሐፍ ከመጣ ሰው ጋር አቁሙት ያልሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የደረሰበት ፍርድ፣ ማለትም በዛብህ ዕጣው እየጎተተ የወሰደው ፈሪ ሲሆን ጸጋዬ ግን በገዛ ፈቃዱ የሚኖር ደፋር የዘመናችን ሰው ነው የሚለው፣ ሁለቱን መጻሕፍት እስከ መጨረሻው ገጽ ላነበበ ሰው ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ የቆመ ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ።

የጽሑፉ አቅራቢ ሁለቱን ሰዎች ያገናኟቸው በፍቅር በኩል ነው። አንዱ የባላባት ልጅ ወድዶ፣ ሌላው እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ ላይ ሌላ ሴት ወድዶ፣ ሁለቱም የወደዱትን አጡ ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን እንዲህ ያለውን መመሳሰል የፈለገ ሰው በአማርኛ ከተጻፉት ልቦለዶች በብዙዎቹ ውስጥ ያገኘዋል። እኔ እንደማየው በዛብህንና ጸጋዬን በእርግጥ የሚያዛምዳቸው ሁለቱም በአንደበታቸው የሚያድሩ፣ አንደበታቸው ግን የራሳቸው ያልሆነ ሰዎች መሆናቸው ነው። በዛብህ የማንኩሳዎቹ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ላይ በድምፁና በትምህርቱ የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ጸጋዬ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነው፤ በ1974 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የሚሄደውም ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ እንዲመራ ተመድቦ ነው። አንዱ ለመቅደስ ያዜማል፣ ሌላው ለአብዮት ይናገራል። ከዚህ ተነሥተን ስናያቸው ነው ማን በገዛ ፈቃዱ እንደኖረ የሚለየው።

ጽሑፉ የበዛብህን ስለት በአንድ ዐረፍተ ነገር «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ አልፎታል። ለእኔ ግን የሰውዬው ታሪክ ሁሉ የሚፈታው እዚያ ላይ ስለሆነ ጥቂት እንድቆይበት ይፈቀድልኝ። በአገራችን ለስለት የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ከበዛም ሰንጋ ነው። ተሳዩ ስለቱ ሲሰምርለት ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ በሕዝብ ፊት ያስረክባል፣ ዕዳው ይወርድለታል፤ ጥላውም ሆነ ሰንጋው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አይልም። የበዛብህ ጣጣ የተሳሉት ዕቃ በእግሩ የሚሄድ፣ ፊደል የሚቆጥር፣ ቅኔ የሚቀኝ፣ በመጨረሻም የሚያፈቅር መሆኑ ነው። ቦጋለና ውድነሽ ክፉ ወላጆች አይደሉም፤ አንድ ልጃቸውን ሞት እንዳይነጥቃቸው ሰግተው፣ ካደገላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት፣ እሱም ሚስት ሳያገባ በድንግልና ሊያገለግል ተሳሉ። ልጁ አፍ ሳይፈታ ስለ እሱ ቃል ተገባ። ስለዚህ በዛብህ አድጎ «አዎን» ወይም «እንቢ» ለማለት ሲደርስ ጉዳዩ ካለቀ ቆይቷል። «እንቢ» ቢል የሚያፈርሰው የራሱን ቃል ሳይሆን የእናትና የአባቱን ቃል ነው፤ በጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረጃ አያሻውም።

እንግዲህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ይህ ሰው ነው። የጽሑፉ አቅራቢ በዛብህ ፍቅሩን ለመግለጽ የዘገየው ፊታውራሪን ፈርቶ ነው ብለዋል። ፊታውራሪ መሸሻ መፈራታቸው አይካድም፤ ዘር ቆጥረው የሚኮሩ፣ ለልጃቸው በአጥንት የሚመጥናት አጥተው ዕድሜዋን ያስቆጠሯት ሰው ናቸው። ሆኖም የበዛብህ ፍርሃት ሁለት ነው፤ የፊታውራሪ ጅራፍ በውጭ፣ ስለቱ በውስጥ። ከፊታውራሪ ዓባይን ተሻግሮ ማምለጥ ይቻላል፤ ከስለት የሚሻገሩበት መልካ ግን የለም። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ያቺን ልጅ «እወድሻለሁ» ማለቱ፣ እሷም እሺ ስትለው አብሯት ለመጥፋት መቁረጡ፣ እኔ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ካነበብኋቸው ድፍረቶች ሁሉ የሚበልጠው ነው። ድፍረቱ ጩኸት ስለሌለው ሳይታይ ይታለፋል እንጂ።

ወደ አዲስ አበባ መሸሹም እንደ ፍርሃት ተቆጥሮበታል። እዚያው ዲማ ቆይቶ በፊታውራሪ ሰዎች እጅ ቢወድቅ ለማን ይበጅ እንደነበር ጽሑፉ አልነገረንም። ከዚህም በላይ በውድድሩ ውስጥ ጨርሶ ያልተነሣ አንድ ነገር አለ። በዛብህ ሸሽቶ አልቀረም። ወደ ሰብለ ወንጌል ሲመለስ ነው በመንገድ ላይ በወንበዴዎች እጅ ወድቆ ለሞት የሚያበቃው ጉዳት የደረሰበት። ፈሪ ሰው ርቆ ከሄደ በኋላ ይተርፋል፤ በዛብህ ግን የሞተው መንገዱን አዙሮ ነው።

አሁን ወደ ጸጋዬ ልምጣ። ጸጋዬን አልጠላውም፤ እንዲያውም ከልቦለድ ሰዎች ሁሉ አንዱን ቡና ልጋብዝህ ብል እሱን እመርጥ ነበር። ቀልደኛ ነው፣ ታዛቢ ነው፣ ራሱን አያዋድድም፣ ከሹምም ከተራ ወታደርም ጋር መጨዋወት ያውቅበታል። እንዲህ ዓይነት ሰው ነጻ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ነገር ግን አንባቢ የሰውዬውን አነጋገር ትቶ ሥራውን ይከተል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ትጠብቀዋለች፤ እሱ አሥመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር ይጣመራል፤ ለአንዷም ለሌላዪቱም ሙሉውን እውነት በጊዜው አይነግርም። በሥራውም እንዲሁ ነው። ዘመቻው እንዴት እንደሚሄድ ከማንም በተሻለ ያያል፣ በየስብሰባው የሚነገረውና በግንባር የሚሆነው እንደማይገጥም ይገነዘባል፣ ነገር ግን ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያሰራጨው ሌላው የሚፈልገውን ቃል ነው። ናቅፋ ግንባር ደርሶ የሰው ሕይወት እንደ ቅጠል ሲረግፍ ካየ በኋላ እንኳ ለውጡ የሚታየው በልቡ ነው እንጂ በሥራ ገበታው ላይ አይደለም።

የበዛብህን ስለት ሌሎች ተሳሉበት፤ ጸጋዬ ግን ነፍስ ካወቀ፣ ከተማረ፣ ዓለምን ካየ በኋላ አንደበቱን በገዛ እጁ አስረከበ። የመጀመሪያው ያልገባውን ቃል ለማፍረስ ሕይወቱን ከፈለ፤ ሁለተኛው የገባውን ቃል ለማፍረስ ሁሉ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ጠበቀ። የመጽሐፉ ርእስ የሆነው ከጣሊያንኛ ወደ አሥመራ የገባው ቃልም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አበቃ፣ አለቀ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም።

ታዲያ ጸጋዬ ምንም አላደረገም ማለቴ ነው? አይደለም። ጸጋዬ ያደረገው አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ እሱም ታሪኩን ለእኛ መንገሩ ነው። «ኦሮማይ» የሚተረከው በ«እኔ» ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያላለውን ለአንባቢ ይለዋል፤ በስብሰባ ላይ ዋጥ ያደረጋትን ሣቅ በገጹ ላይ ይለቃታል። ከዚህ አንጻር መጽሐፉ ራሱ የጸጋዬ መመለሻ መንገድ ነው ቢባል አልቃወምም። በዛብህ ደግሞ ይህ ዕድል የለውም። ስለ እሱ ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ይነግረናል እንጂ እሱ «እኔ» ብሎ መጽሐፉን አልያዘውም። ተራኪው እንደ አገር ሽማግሌ ነው፤ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ፣ የወላጆቹን ትዳር፣ የመንደሩን ጠባይ፣ የባላባቱን ትውልድ ሳይጨርስ ወደ ልጁ አይመጣም፤ ዐረፍተ ነገሩም እንደዚያው ረጅም ነው። የበዓሉ ግርማ ዐረፍተ ነገር በአንጻሩ አጭርና ፈጣን ነው፤ ጋዜጠኛ የያዘው ብዕር መሆኑ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ብዙ የማይርቅ አንድ ነገር ላንሣ። በእኔ እጅ ያለው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቀደምት እትም ጀርባው ተቀድዶ በፕላስተር የተያያዘ ሲሆን፣ በገጾቹ ላይ ጠብቀው በሚነበቡ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ይታያል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የፊደላችን አጻጻፍ እንዲሻሻል ይከራከሩ ስለነበር ይህን ምልክት በልቦለዳቸው ተጠቅመውበታል፤ ከእሳቸው በኋላ የተከተላቸው ግን ጥቂት ነው። «አለ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይኖራል፣ ይገኛል» ማለት ነው። ያቺ ነጥብ ባትኖር በዛብህ ተናገረ ወይስ በሕይወት ኖረ የሚለውን አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል እንጂ ፊደሉ አይነግረውም። ደራሲው መጽሐፉ በድምፅ እንዲነበብ አስበው እንደጻፉት ለእኔ ማስረጃው ይህ ነው። እኛም በእርግጥ በዛብህን ያወቅነው ከዓይናችን በፊት በጆሯችን ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በእኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር ልጆች ከደጅ በግድግዳው ተደግፈን እንሰማ ነበር፤ ባለቤቲቱም ጉዱ ካሳ ሲናገር ድምፁን ከፍ፣ ፊታውራሪ ሲቆጡ ዝቅ ታደርገው ነበር።

«ኦሮማይ»ን ያነበብሁት ከዚህ ፈጽሞ በተለየ ሁኔታ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ስለተሰበሰበ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ የፊት ገጹ ወጥቶ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ በሚል ውል ነበር። ኩራዙን ከአልጋ በታች ደብቄ በፍጥነት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ቅጠሉን ቀስ አድርጌ እየገለጥሁ አነበብሁት። አንዱ መጽሐፍ ከግድግዳ ውጭ ለመንደሩ ሁሉ ሲሰማ፣ ሌላው ከብርድ ልብስ ሥር ለአንድ ሰው ብቻ የሚነበብ ነበር። ሁለቱ ባለታሪኮች በእኛ ትውልድ ልብ ውስጥ የያዙትን የተለያየ ቦታ በከፊል የወሰነው ይህም ይመስለኛል። በዛብህን በአደባባይ አለቀስንለት፤ ጸጋዬን በሹክሹክታ አደነቅነው። ያ አድናቆት የሰውዬውን ሥራ በሚገባ መዝነን የሰጠነው አልነበረም፤ መጽሐፉን መያዝ ራሱ ድፍረት ስለነበረ ድፍረታችንን ለባለታሪኩ አወረስነው።

ለዚህ ስሕተት ሌላ፣ ከዚህ የሚከብድ ምክንያትም አለ። በዓሉ ግርማ ራሱ በዚያ ዘመቻ ላይ በአሥመራ በፕሮፓጋንዳ ሥራ የተሰማራ ሰው ነበር፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ከሥራው ተነሣ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጸጋዬን ስናነብ በዓሉን እናያለን፤ የደራሲውንም ድፍረት በባለታሪኩ ስም እንመዘግባለን። የጋዜጣችሁ ጸሐፊም «ጸጋዬ እውነቱን በመናገሩ ዋጋ ከፈለ» ሲሉ የገለጹት የበዓሉን ዕጣ እንጂ የጸጋዬን አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ በሕይወቷ ዋጋ የምትከፍለው ፊያሜታ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በበኩላቸው እንደ በዛብህ በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰሙ ሆነው ሳለ እሳቸውን ከበዛብህ ጋር የሚያምታታ ሰው አላጋጠመኝም፤ በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው የተመለሱ፣ አገራቸውን በትልልቅ ሥልጣን ያገለገሉና በ1996 ዓ.ም. በዕድሜ ጠግበው ያረፉ ሰው በመሆናቸው ሕይወታቸው ከባለታሪኩ ሕይወት ተለይቶ ይታያል። በዓሉን ማክበር የሚገባን በሠራው ነው፤ ጸጋዬን ደግሞ በዓሉ በጻፈው ልክ እንመዝነው። በዓሉ ጸጋዬን እንከን የለሽ አድርጎ ሊስለው ሲችል ያላደረገው፣ ከራሱ ጋር የሚመሳሰለውን ሰው ሳያቆላምጥ ማሳየት ስለፈለገ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጽሑፉ አቅራቢ አንድ ነጥብ ላይ እውነት እንዳላቸው ሳልመሰክር ባልፍ ግን አግባብ አይሆንም። በዛብህ ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ይደበዝዛል ብለዋል። ልክ ናቸው። ዲማን ከለቀቀ በኋላ ታሪኩን የሚጎትቱት ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳ ናቸው፤ እሱ በእነሱ ወሬ ውስጥ የሚኖር ሰው ይሆናል። ነገር ግን ይህን ድክመት የባለታሪኩ ከምንለው የደራሲው ምርጫ ብንለው ይሻላል። ጉዱ ካሳ የማኅበረሰቡን ሥርዓት አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ተጭኖ በቆመ የድንጋይ ካብ የሚመስልበት ንግግር አለ፤ ከታች ያለው ቢነቃነቅ ከላይ ያለው ሁሉ እንደሚናድ ያስረዳበታል። በዛብህ ያ ከሥር ያለው ድንጋይ ነው። ከሥር ያለ ድንጋይ ካቡን አያይም፣ ክብደቱን ብቻ ያውቀዋል፤ ሲነቃነቅ ግን ፊታውራሪውም ቤቱም አብረው ይነቃነቃሉ። ጸጋዬን በዚያው ካብ ላይ ብናስቀምጠው መካከል ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ይሆናል። ከላይ ተጭነውታል፣ ከታች ይጫናል፤ ከመካከል ስለሆነም ሁለቱንም ወገን ያያል። ብዙ ማየቱ ብዙ እንዲናገር አድርጎታል፤ ካቡ እንዲነቃነቅ ግን አላደረገም።

ስለ ሴቶቹ በሰፊው ብጽፍ ደብዳቤው ይረዝማል፤ በአጭሩ ግን ውድድሩ በወንዶቹ ብቻ መቅረቱ ራሱ ጉድለት መሆኑን ላሳስብ። ቤቷን ጥላ ያን ሁሉ አገር በእግሯ ያቋረጠችው ሰብለ ወንጌል ናት። ሮማንም ብትሆን በጽሑፉ ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ ብቻ መነሣቱ ይገርማል፤ የጸጋዬን «ነጻነት» ምንነት ለማወቅ ከአንደበቱ ይልቅ እሷ የምትጠብቅበት ቤት ይበልጥ ያስረዳል።

በመጨረሻም አንድ እርማት አለኝ። በጽሑፉ ማብቂያ ላይ «በዛብህና ሰብለ ወንጌል ብቻቸውን በአንድ መቃብር ዐረፉ፤ ጸጋዬ ግን ብቻውን ቀረ» ተብሏል። ሁለተኛው ትክክል ነው፤ ጸጋዬ ሮማንንም ፊያሜታንም አጥቶ፣ በሕይወት ተርፎ፣ የሚናገርለት ሳይሆን የሚናገረው ብቻ ቀርቶት እናገኘዋለን። የመጀመሪያው ግን ስሕተት ነው። በዚያ መቃብር ያረፉት ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛው ዲማ ሁሉ «ጉዱ» እያለ ሲሥቅበት የኖረው ካሳ ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር
ከደብረ ማርቆስ